አንድ ሜትር ከስልሳ ዘጠኝ

ሳቢሃ ኳስ መጫወት የጀመረችው ጅማ፣ አወቱ መንደራ በሚባለው ሰፈራቸው ባለ ትምህርት ቤት ግቢ፣ መረብ በሌለው የብረት ቅርጫት ሥር ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላት በሰፈሩ ውስጥ ኳስ ከእጇ የሚነጥቃት ወንድም ሴትም አልነበረም። ስለዚህ በ2006 ዓ.ም. «ጊቤ ዳር» የሚባል የሴቶች ቅርጫት ኳስ ክለብ ጅማ ላይ ተቋቁሞ ተጫዋች እመርጣለሁ ሲል፣ ለመመረጥ የሚያስፈልጋት መሄድ ብቻ መሰላት። ስትደርስ ተራዋ ስልሳ አንድ ሆነ። ቁጥሩን በማርከር እጇ ጀርባ ላይ ጻፉላት።

ምርጫው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተጀመረ። መጀመሪያ ቁመት ይለካል፤ አንድ ሜትር ከሰባ ያልሞላች ልጅ ኳስ ሳትነካ ትመለሳለች። ሰልፉ ግድግዳውን ታክኮ ትንሽ ይሄዳል፣ ብዙ ይቆማል። ምሳ ሰዓት አለፈ። ሳቢሃ ቦታዬን ይወስዱብኛል ብላ ቁጭ እንኳ አላለችም። ጠዋት ከእሷ ጋር ጀርባ ለጀርባ ተለካክታ እኩል የሆነች አንዲት ልጅ ነበረች፤ የክለቡ ሥራ አስኪያጅ የእህት ልጅ ናት ሲሉ ሰምታለች። ያቺ ልጅ ሦስት ሰዓት ላይ ተለክታ አልፋ፣ ቀኑን ሙሉ ሜዳው ውስጥ ኳስ ስትመታ ዋለች።

የሳቢሃ ተራ የደረሰው ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው። አባቷ መሐሙድ በዚያው ሰዓት መጡ። ሄርማታ ገበያ ውስጥ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሱቃቸውን ለጎረቤት ትተው ነው የመጡት። ሜትሩ እንደ ሁልጊዜው አንገታቸው ላይ ነበር።

«አንድ ሜትር ከስልሳ ዘጠኝ» ብላ መዝጋቢዋ ጮክ ብላ አነበበች።

አሰልጣኙ ለይኩን ይባላል። ራሱ የድሮ ተጫዋች፣ መቃ የመሰለ ረዥም ሰው ነው። ቀና ሳይል «ቀጣይ» አለ።

«ኮች፣ አምስት ደቂቃ ብቻ ያጫውቱኝ» አለች ሳቢሃ። «ካልቻልኩ ራሴ እወጣለሁ።»

«ቁመት በልመና አይጨምርም፣ እህቴ።»

«ክንዴ ረዥም ነው። ወላሂ፣ ይለኩት።»

ለይኩን ያኔ ቀና ብሎ እጆቿን ከትከሻዋ እስከ ጣቶቿ አየ። ከዚያ በር ላይ የቆሙትን አባቷን ተመለከተና ለሜዳው ሁሉ በሚሰማ ድምፅ፣ «አባትሽ ሜትር አንጠልጥለው መጥተው የለ? ይውሰዱሽና ቤታችሁ ይለኩሽ። ክር እያቀበልሽ ብትውዪ ይሻልሻል። እዚህ ኳሱ በአናትሽ ላይ ነው የሚያልፈው» አለ።

ሜዳው ሳቀ። ያለፉትም የወደቁትም ሳቁ። መሐሙድ ሜትሩን ከአንገታቸው ቀስ ብለው አውርደው፣ ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱና «ነዪ፣ ሳቢ፣ እንሂድ» አሏት።

ከዚያ ቀን በኋላ መሐሙድ ሜትሩን ከአንገታቸው ሳያወርዱ ከሱቅ ወጥተው አያውቁም። ሳቢሃ ይህን በየቀኑ ታያለች። ስለ ራሷ የተባለውን ልትረሳው ትችል ይሆናል። ይህን ግን አልቻለችም።

ከሁለት ዓመት በኋላ እዚያው ጅማ ኮሌጅ ገብታ ስፖርት ሳይንስ ማጥናት ጀመረች። መምህር ወልደሰማያት የሚባሉ ሰው የሰውነት አለካክ ያስተምራሉ። አንድ ቀን ክፍሉን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቁመት አስለኩ፤ ያንኑ ክፍል ከሰዓት አሥራ አንድ ላይ መልሰው አስለኩ። ሁሉም ቀንሶ ተገኘ። ሰው ቆሞ ሲውል በአከርካሪው አጥንቶች መካከል ያለው ለስላሳ ነገር እንደሚጫን፣ ጠዋትና ማታ አንድ ሴንቲ ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ልዩነት እንደሚያመጣ አስረዱ። የሳቢሃ የጠዋት ቁመት አንድ ሜትር ከሰባ፣ ከአራት ሚሊ ነበር።

ከክፍል ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ከሁለት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ስንት ሰዓት እንደቆመች በጣቷ ቆጠረች።

በማግሥቱ መምህር ወልደሰማያት ክንዷን አስዘርግተው ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ ለኳት። አንድ ሜትር ከሰማንያ ሦስት። ተሳስቻለሁ ብለው ደግመው ለኩ።

«የአብዛኛው ሰው ቁመትና ክንድ ተቀራራቢ ነው» አሏት። «በዚህ ጨዋታ ትልቅ ደረጃ የደረሱት ግን ብዙዎቹ ክንዳቸው ከቁመታቸው ይበልጣል። ቅርጫቱ ጋ የሚደርሰው እጅ ነው፤ አናት አይደለም። ማነው አንቺን የመለሰሽ?»

ስሙን ነገረቻቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ቤት ስትደርስ ለአባቷ ነገረቻቸው። መሐሙድ የስፌት መኪናውን ሳያቆሙ፣ «እኔ ከስድስት ዓመትሽ ጀምሮ አውቃለሁ» አሉ። «ያንቺን እጅጌ ስቆርጥ ሁልጊዜ አራት ጣት እጨምራለሁ።»

«ለምን አልነገሩኝም፣ አባ?»

«ምን ብዬ? እኔ የማውቀው ለልብስ ነው።»

ሳቢሃ በዚያ ሳምንት ነው የወሰነችው። ለይኩንን የምጥለው እኔን በመለሰበት ሜትር ነው አለች በልቧ። ለማንም አልተናገረችም።

ስትመረቅ ኮሌጁ የስፖርት መለኪያ ክፍል ውስጥ ቀጠራት። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ አሰልጣኝ አጥቶ ሊበተን የደረሰውን የአጋሮ ሴቶች ቡድን ያዘች። ሰው ሁሉ ረዣዥም ልጆች ፍለጋ ትምህርት ቤት ለትምህርት ቤት ሲዞር፣ እሷ ቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ሄደች። ቡናው ተዘርግቶ ከሚደርቅበት አልጋ ግራና ቀኝ ቆመው የተበላሸ ፍሬ የሚለቅሙ ሴቶችን ስታይ ዋለች። አብዛኞቹ እጃቸው የአልጋው መካከል ላይ ያበቃል። ሰቃ አካባቢ ግን አንዲት ልጅ ሳትጎነበስ ከማዶ ጠርዝ ስትለቅም አገኘች። ወርቂቱ ትባላለች።

«ሐርካ ኬ ዲሪርሲ» አለቻት፤ እጅሽን ዘርጊ ማለቷ ነው።

«ማሊፍ?» አለች ወርቂቱ፣ ለምን እንደሆነ ግራ ገብቷት።

«ዘርጊው ብቻ። እነግርሻለሁ።»

ቁመቷ አንድ ሜትር ከሰባ ሁለት፣ ክንዷ አንድ ሜትር ከሰማንያ ዘጠኝ። ሳቢሃ ቁጥሩን ጽፋ ከሥሩ ሁለቴ አሰመረችበት።

አቢጊያን ያገኘቻት አሰንዳቦ ላይ ነው። አቢጊያ አውቶብስ በቆመ ቁጥር ሙዝ ይዛ ከመስኮት መስኮት በጎን የምትሮጥ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ነበረች። አውቶብሱ መንቀሳቀስ ሲጀምር እንኳ ፊቷን ከተሳፋሪው ሳታዞር አብራው በጎን ትሄዳለች። ሳቢሃ ሦስት አውቶብስ አሳልፋ ተመለከተቻትና የስልክ ቁጥሯን ተቀበለች። አንድ ሜትር ከስልሳ አምስት ናት። ለይኩን ጋ ብትሄድ በሩን አታልፍም ነበር።

አራት ዓመት እንዲህ እየሰበሰበች አሠራቻቸው። ብዙ አታስቅም፣ አትቆጣምም። የምታሳያቸው የጨዋታ ቪዲዮ ሁልጊዜ የጊቤ ዳርን ነው። «ኮች፣ ሌላ ቡድን የለም እንዴ?» ሲሏት «ጠንካሮቹ እነሱ ናቸው» ትላለች። ኳስ የያዘችውን ልጅ ከፊትና ከጎን ዘግቶ፣ ፓስ ሲወጣ በረዥም ክንድ መንካት፤ ሥራቸው ይኸው ነበር። ከጨዋታ በኋላ ሌሎች አሰልጣኞች ነጥብ ሲቆጥሩ፣ እሷ በእጅ የተነካ ኳስ ትቆጥራለች።

በ2016 ዓ.ም. አጋሮና ጊቤ ዳር በአንድ የውድድር ምድብ ገቡ፤ አንደኛ የወጣው ወደ ከፍተኛው ሊግ ያልፋል። ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ኮሚቴው ሁሉም ተጫዋቾች የአካል ብቃት ምርመራ ያድርጉ ብሎ ለኮሌጁ ደብዳቤ ጻፈ። ለኪዋ ሳቢሃ ነበረች። የአንድ ቡድን አሰልጣኝ ሌሎቹን መለካቷን ማንም አልተቃወመም። ቡና ለቃሚዎችን የምታሠለጥን ሴት ማንን ታሰጋለች?

ለይኩን ተጫዋቾቹን ይዞ መጣ። አላወቃትም። «እንደምን አደርሽ፣ እህቴ» ብሎ ጨበጣት።

የቡድኑ አለኝታ ቲቲ የምትባል የጅማ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ልጅ ናት። አንድ ሜትር ከዘጠና አንድ። «ጫማዬን ላውልቅ? እግሬ ይሸታል፣ ቀድሜ ይቅርታ» ብላ ሳቀች። ክንዷ ሲለካ ከቁመቷ በአራት ሴንቲ አነሰ። ወርቂቱ በቁመት አሥራ ዘጠኝ ሴንቲ ታንሳታለች፤ ሁለቱም እጃቸውን ሲያነሱ ግን ልዩነቱ ወደ አሥራ አራት ይወርዳል፣ ያንን ደግሞ ወርቂቱ በዝላይ ትበላዋለች። ሳቢሃ ይህን በሆዷ አስልታ ደስ አላት።

ቀጥሎ በአንድ እግር ዝላይ ነበር። ቲቲ በግራ እግሯ ጥሩ ዘለለች። በቀኟ ስታርፍ ጉልበቷ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ተንቀጠቀጠ። ሳቢሃ ሦስቴ ደገመቻት። የቀኙ ከግራው ሃያ አራት በመቶ ያንስ ነበር።

«ትንሽ ያመኛል» አለች ቲቲ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ለኮች እንዳትነግሪብኝ፣ ከጨዋታ ያወጣኛል።»

ሳቢሃ ቅፁ ላይ «ቀኝ ጉልበት፤ ሐኪም ሳያያት እንዳትጫወት» ብላ ጽፋ ለይኩንን አስፈረመችው። ለይኩን አንብቦ «እሺ፣ እናሳያታለን» አለና አንዱን ቅጂ ይዞ ሄደ። እስከዚህ ድረስ ሳቢሃ ሥራዋን ነው የሠራችው። ቡድኑ ከወጣ በኋላ ግን የቲቲን ቁጥሮች በሌላ ወረቀት ገልብጣ ቦርሳዋ ከተተች። የመለኪያው ውጤት ለሌላ ዓላማ እንዳይውል ቅፁ አናት ላይ በትልቁ ተጽፏል። አንብባዋለች። ቃሉን የጻፈችውም ራሷ ናት።

ወሳኙ ጨዋታ ጅማ ላይ፣ በአንድ እሑድ ከሰዓት ተደረገ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሳቢሃ ልጆቿን ሰብስባ፣ «ቲቲን ከቅርጫቱ ሥር አውጧት። ሁልጊዜ በቀኝ እንድትዞር፣ በቀኝ እግሯ እንድታርፍ አድርጓት። ማንም አይንካት፣ ፋውል አልፈልግም። ሩጫ ብቻ» አለቻቸው።

ቲቲ ቀኝ ጉልበቷን ጠቅልላ ገባች። ሳቢሃ ማሰሪያውን አየችው። ትእዛዟን አልቀየረችም።

ጊቤ ዳሮች በመጀመሪያው ኳርተር መሩ። ከዚያ ክንዶቹ ሥራቸውን ጀመሩ። ወደ ቲቲ የሚላከው ኳስ መንገድ ላይ ይቀራል፤ አንዴ የወርቂቱ ጣት፣ አንዴ የአቢጊያ መዳፍ። ለይኩን «ከላይ! ከላይ ላኩላት!» እያለ ይጮሃል። ከላይ የተላከውም ይነካል። ሳቢሃ አንዴም አልተቀመጠችም። በሕይወቷ የትኛውም ሙዚቃ እንደዚያ ጩኸት ጥሟት አያውቅም።

ሦስተኛው ኳርተር ሊያልቅ አራት ደቂቃ ሲቀረው አጋሮ አርባ አንድ ለሠላሳ ሦስት ይመራ ነበር። ወርቂቱ በቀኝ በኩል ሰብራ ገብታ ዘለለች። ቲቲ ኳሱን ልትመልስ አብራ ዘለለች፤ ደረሰችበትም። ስታርፍ ማንም አልነካትም። በቀኝ እግሯ አረፈች፣ ጉልበቷ ወደ ውስጥ ታጠፈ። ጩኸቷ አዳራሹን ጸጥ አደረገው።

ሳቢሃ መጀመሪያ ያየችው የነጥብ ሰሌዳውን ነው። ይህን ለማንም ስትናገር አፍራ አታውቅም፤ እንደዚያ ነው የሆነው። ሰሌዳውን አየች፣ «አለቀ» አለች በልቧ፣ ከዚያ ነው ልጅቷን ያየችው።

አጋሮ ሃምሳ ስምንት ለአርባ ዘጠኝ አሸነፈ። ሳቢሃ ወደ ለይኩን ሄዳ እጇን ዘረጋች።

«ጥሩ ቡድን አለሽ» አላት፣ ፊቱ ዓመድ መስሎ።

«ኳሱ በአናታችን ላይ አላለፈም» አለችው።

ግራ ተጋብቶ አያት። ከዚያ ዓይኑ ወደ እጆቿ ወረደ፤ እዚያው ሲቀር አየች።

ወደ አጋሮ ሲመለሱ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ልጆቹ አውቶብሱ ውስጥ እየዘፈኑ ነው። አቢጊያ ብቻ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ኮች፣ በቀኝ እንድትዞር ያልሽን ለምንድነው?»

ሳቢሃ ወደ መስኮቱ ዞረች።

«ጉልበቷን ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር። እኔ ነኝ የለካኋት።»

«የኛስ ወረቀት?» አለች አቢጊያ። «የኛን ማን ነው የሚያየው?» መልስ ሳትጠብቅ ተነሥታ ኋላ ወንበር ሄደች። ዘፈኑ ቀስ እያለ ቆመ።

ከአራት ቀን በኋላ ሳቢሃ ሰቶ ሰመሮ፣ ቲቲ ቤት ሄደች። የጉልበቷ ጅማት ተበጥሷል፤ እግሯ ትራስ ላይ ነበር። ሳቢሃ ቆማ ሁሉንም ነገረቻት፤ ቅፁን፣ የገለበጠችውን ወረቀት፣ ለልጆቹ የሰጠችውን ትእዛዝ።

«ኮችም ያውቅ ነበር» አለች ቲቲ ጣሪያውን እያየች። «ሐኪም ጋ ወሰደኝ። ሁለት ወር ዕረፍት ብሎ ጻፈ። ኮች ወረቀቱን ኪሱ ከተተና ‹ይህቺን አንድ ጨዋታ ተጫወችና ትታከሚያለሽ› አለኝ። ሌላ ረዥም ልጅ የለውማ።» ከዚያ ወደ ሳቢሃ ዞረች። «ሁለታችሁም በኔ ጉልበት ነው የተጫወታችሁት። ውጪልኝ።»

ሳቢሃ በሩ ጋ ስትደርስ ቲቲ ጠራቻት። «ለኮሚቴው መናገርሽ አይቀርም። አውቄሻለሁ፣ ሰውዬው ላይ ነገር አለሽ። የሱን ብቻ ተናግረሽ ግን እንዳትመጪ።»

ሳቢሃ ቢሮዋ ተመልሳ ለይኩን የፈረመበትን የኮሌጁን ቅጂ አወጣች። ያንን ብቻ ብታስገባ እሱ ያልቃል፣ እሷ ትተርፋለች። ሁለት ቀን አሰበችበት። በሦስተኛው ቀን የገለበጠችውን ወረቀትም አያይዛ፣ ለልጆቹ ያለችውን ቃል በቃል ጽፋ አስገባች። ይህን ያደረገችው ከጸጸት ብቻ አልነበረም። የራሷን ስም ከሱ ስም ጎን ካላስቀመጠች፣ ሰው ሁሉ ተቀናቃኙ ናት የከሰሰችው ብሎ ይተወዋል። በራሷ ላይ ከመሰከረች ግን ማንም አይጠራጠራትም። እሱ እንዲወድቅ መውደቅ ካለባት ትወድቃለች።

ኮሚቴው የጠራቸው ቀን ኮሪደሩ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ለይኩን በእነዚያ ሳምንታት አርጅቷል። ሳቢሃ ስታየው ትንሽ አሳዘናት።

«አስታውሼሻለሁ» አላት። «ስልሳ ዘጠኝ። ክንድሽን ያኔም አይቼው ነበር። ዓይኔ የለመደ ነው፣ መለካት አላስፈለገኝም።»

«ታዲያ?»

«የቀረኝ ቦታ አንድ ነበር። እሱም ለሥራ አስኪያጁ የእህት ልጅ ተይዟል። አምስት ደቂቃ ባጫውትሽ ሰው ሁሉ ያይ ነበር። ቶሎ እንድትሄጂ ፈለግኩ። በደልኩሽ፣ እግዜር ያውቃል፣ ሌላ ምን ልበል?»

ሳቢሃ አሥር ዓመት አላወቀም ብላ ነበር የምትጠላው። «አባቴንስ?» አለችው።

«የቱን አባት?»

እውነቱን ነው። ፊቱን አየችው፤ አልዋሸም። ስለ መሐሙድ ምንም አላስታወሰም፤ ሜትሩንም፣ ሳቁንም። ትንሽ ቀደም ብሎ የተሰማት ሐዘኔታ በዚያች ቃል ተነቅሎ ጠፋ። በሩ ተከፍቶ ስማቸው ሲጠራ ከእሱ ቀድማ ገባች።

ለይኩን ለአምስት ዓመት ከማሠልጠን ታገደ፤ ክለቡም በዚያው ሳምንት አሰናበተው። ሳቢሃ ሁለት ዓመት ታገደች፤ ኮሌጁም ከመለኪያ ክፍሉ አነሣት። በሜዳው ላይ ፋውል ስላልነበረ ውጤቱ ጸና። አጋሮ በሌላ አሰልጣኝ ወደ ከፍተኛው ሊግ አለፈ። ወርቂቱ ደውላ አለቀሰች። አቢጊያ አልደወለችም።

«ተገላገልሽ?» አሏት መሐሙድ፣ ሁሉንም ከሰሙ በኋላ።

«ከሱ፣ አልሐምዱሊላህ፣ አዎ።»

«ከልጅቷስ?»

ሳቢሃ ወለሉ ላይ የወደቀ ክር አንሥታ ጣቷ ላይ ጠቀለለች። እሳቸውም አልደገሙም።

ቲቲ ቀዶ ሕክምናውን ካደረገች በኋላ ሳቢሃ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰቶ ሰመሮ መሄድ ጀመረች። የመጀመሪያውን ቅዳሜ የቲቲ እናት በሩን ገርበብ አድርገው «ተኝታለች» አሏት። ሁለተኛውንም እንደዚያው። ቲቲ በመስኮት ስታያት ሳቢሃ አይታታለች። በሦስተኛው ቅዳሜ በሩን የከፈተችው ቲቲ ራሷ ነበረች፣ በክራንች ተደግፋ፣ ከላይ ወደ ታች እያየቻት።

«ለመታረቅ አይደለም» አለች። «ሐኪሙ እንቅስቃሴውን በየቀኑ የሚያሠራሽ፣ የሚያውቅ ሰው ፈልጊ አለኝ። አንቺ ተምረሽዋል። ስታሠሪኝ ግን ወሬ አልፈልግም።»

«እሺ» አለች ሳቢሃ።

«ቅዳሜ ብቻ ደግሞ አይበቃም። በየቀኑ ነው ያለው።»

«በየቀኑ እመጣለሁ።»

ቲቲ ክራንቿን አዙራ ወደ ውስጥ ገባች። በሩን አልዘጋችውም።